ሬዚደንት ተማሪ ነው ወይስ ሐኪም?

ከዘጌም ሆነ ከመራዊ ታማሚ ይዞ ባሕር ዳር የገባ ቤተሰብ፣ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ይበዛበታል። «ኧረ ልጄን ተማሪ አይንካብኝ!» ቢል አይፈረድበትም፤ ስሙ ራሱ ያምታታል።

እንደ ጥበበ ግዮን ባለ የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል «ተማሪ» የሚባለው አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። ኢንተርን የሕክምና ትምህርቱን የመጨረሻ ዓመት በሥራ ላይ የሚጨርስ ነው፤ የሚሠራውም በበላዮቹ ክትትል ሥር ነው። ሬዚደንት ግን ዶክተር ነው። ተመርቆ፣ የሥራ ፈቃድ አውጥቶ፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ሆስፒታል ሠርቶ የመጣ፤ አሁን እያከመ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር። ከበላዩ ሲኒየር ስፔሻሊስት አለ፤ ሌሊት አልጋው አጠገብ ባይታይ እንኳ ሬዚደንቱ ከበደኝ ሲል ደውሎ ያማክረዋል።

የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ለአገራችን ገና ልጅ ነው። ሥልጠናው በጥቁር አንበሳ የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2010 ነው፤ እናም ሽበታም ባለሙያ ካልመጣ ብሎ መጠበቅ ብዙም አያዋጣም።

«ኢንተርን ነዎት ሬዚደንት? ሲኒየሩስ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ለምርምር ጥናት ፈቃድዎን ከጠየቁዎት ደግሞ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እምቢ ቢሉም ሕክምናዎ አይቀርም።