ያለ ሞተር የሚበረው፦ ስለ ሪሞት ግላይደር ወሎ ላይ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሪሞት የሚመራ ሞዴል ግላይደር ይዞ ከደሴ በላይ ወዳሉት አፋፎች የወጣ ሰው ብቻውን አይቆምም። እረኛው፣ ከገበያ ተመላሹ፣ ተማሪው ሁሉ ይከበዋል፤ ጥያቄው ይከተላል። ጥያቄው ደስ ይለኛል። ከጥያቄው ጋር የሚመጣው ግምት ግን፣ ክበባችንን ሊቀላቀሉ የሚመጡ ወጣቶችም ይዘውት የሚመጡት፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ስህተት ላይ የቆመ ነው። ሁሉም የሚያየው አውሮፕላኑን ነው፤ አየሩን የሚያይ የለም። ግላይደር ማብረር ደግሞ አብዛኛው ሥራው አየር ማንበብ ነው።

«ሞተር ከሌለው የወረወሩትን ያህል ሄዶ ይወድቃል»

ከሁሉም በላይ የምንሰማው ይህን ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ግላይደር በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ሁልጊዜ እየወረደ ነው። ጉልበቱም የሚመጣው ከዚሁ መውረድ ነው። ሾፌር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲሄድ የሀረጎን ቁልቁለት በፎሌ ቢለቀው መኪናውን የሚነዳው የራሱ ክብደት ነው፤ ግላይደሩም አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ከፍታውን ወደ ፍጥነት ይመነዝራል፣ ፍጥነቱ ደግሞ ክንፉን ያነሳል። የሚወርደውም በጣም በዝግታ ነው። ሁለት ሜትር ክንፍ ያለው ተራ የፎም ግላይደር በሰከንድ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲወርድ በዚያው ሰከንድ 9 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። ከ100 ሜትር ከፍታ ቢለቀቅ በረጋ አየር ወደ 3 ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ይቆያል፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይጓዛል።

ነገሩ የሚጣፍጠው አየሩ ካልረጋ ነው። አየሩ ራሱ በሰከንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ፣ በውስጡ በ60 ሳንቲ ሜትር የሚወርደው ግላይደር መሬት ላይ ለቆመ ሰው በ40 ሳንቲ ሜትር ሲወጣ ይታየዋል። ወሎ ላይ ደግሞ የሚወጣ አየር ሞልቷል። አንደኛው የአፋፍ ነው። ነፋስ ከሸለቆ ተነስቶ ገደሉን ሲመታ መሄጃ ያጣና ሽቅብ ይወጣል። ግላይደሩ ከአፋፉ ፊት ለፊት፣ ከገደሉ ጋር ትይዩ፣ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ነፋሱ እስካለ ድረስ ይቆያል። ለሰዓታት ማለቴ ነው፤ ከግላይደሩ ይልቅ የአብራሪው አንገት ቀድሞ ይደክማል።

ሁለተኛው የሙቀት ነው። ፀሐይ የታረሰ ጥቁር ማሳን፣ ድንጋያማ ቁልቁለትን ወይም የቆርቆሮ ጣሪያን ከአካባቢው አብልጣ ስታሞቅ በላዩ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ከመሬት ተላቆ ይነሳል። በበጋ፣ ሰማዩ ጠራ ባለበት ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ጥሩ ጥሩው ይነሳል። አውድማ ላይ ገለባና አቧራ እያሽከረከረ የሚነሳውን ነፋስ ያላየ የወሎ ልጅ የለም፤ እሱ የዚህ ሙቅ አየር ግርጌ ነው። ግላይደሩ እዚያ ውስጥ ሲገባ አንዱ ክንፉ ቀና ይላል። አብራሪው ወደ ተነሳው ክንፍ አዙሮ ጠበብ ያለ ክብ ይጀምራል፤ ከዚያ መውጣት ነው።

ሰው የሚይዙት ትልልቆቹም በዚሁ ሕግ ነው የሚሄዱት። እ.ኤ.አ. በ2018 ፐርላን 2 የተባለ ግላይደር አርጀንቲና ላይ በሌላ አውሮፕላን ተጎትቶ ከተለቀቀ በኋላ፣ የአንዲስ ተራሮች የሚያስነሱትን የነፋስ ማዕበል ይዞ ከ22,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። ሞተር አልነበረውም።

«ነፋስ ከጀርባው ቢሆን ይገፋዋል»

አዲስ መጪ ሁሉ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሊወረውር ይዘጋጃል። ክንፍን የሚያነሳው ግን ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት ሳይሆን ከአየሩ አንጻር ያለው ነው። ለመብረር በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልገው ግላይደር በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ላይ ፊት ለፊት ቢወረወር ከክንድ የሚፈለገው 10 ብቻ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ ቢወረወር 50 ያስፈልገዋል፤ ያን ደግሞ ሮጦ የሚወረውር ጎበዝም አይሰጠውም።

አፋፍ ላይ የዚህ ስህተት ዋጋ ይከብዳል። መታጠፍ ሁልጊዜ ወደ ሸለቆው፣ ከገደሉ በመራቅ ነው። ወደ ገደሉ የታጠፈ ግላይደር ነፋሱ በጀርባው ስለሚሆን ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት በአንድ ጊዜ ይጨምራል፤ ዞሮ ሳይጨርስ አለቱ ላይ ነው። ከአፋፉ ኋላ ያለው ሜዳም ያታልላል። ለጥ ያለ ሣር ስለሆነ ለማረፊያ ይጋብዛል፤ ከጫፉ ያለፈው ነፋስ ግን እዚያ ይገለበጣል፣ ይሽከረከራል፣ ወደ ታች ይጫናል። እኛ ማረፊያ ከመምረጣችን በፊት ረጅም ዱላ ጫፍ ላይ የፌስታል ቁራጭ አስረን ከአፋፉ ወደ ኋላ እንራመዳለን። ጫፉ ላይ ፌስታሉ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠማዘዛል፣ አንዳንዴም ፊቱን አዙሮ ወደ ገደሉ ይጠቁማል። ያ ቦታ ማረፊያ አይሆንም።

ነፋሱ የሚነሳበትንና የሚተኛበትን ሰዓት ለማወቅ ደግሞ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት ገበሬውን መጠየቅ ነው። እህሉን ከገለባው የሚለየው በዚያው ነፋስ ነውና ሰዓቱን ያውቀዋል።

«ድሮን ነው፣ ይሰልላል»

ይህን በችኮላ ማረም አይገባም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ሲዘልቅ ወሎ ያየውን አይቷል፤ ከዚያ በኋላም ስጋቱ አልጠፋም። ሰማይ ላይ ያልታወቀ ነገር አይቶ ልጁን ወደ ቤት የሚጠራ አባት ተሳሳተ አልልም። ሊታረም የሚገባው ስለ ዕቃው ያለው ግምት ብቻ ነው። የእኛ ግላይደር ካሜራ የለውም። አንድ ቦታ ቆሞ ማንዣበብ አይችልም፤ ከቆመ ይወድቃል። መንገዱን ራሱ የሚያገኝበት መሣሪያም አልተገጠመለትም፣ አብራሪው ዓይኑን ለአፍታ ከነቀለ ይጠፋበታል።

ይህን በቃል ከማስረዳት ማስያዝ ይሻላል። «ልጄ፣ ይኸ ነገር ያያል እንዴ?» ብለው የጠየቁ አዛውንት ነበሩ። «አያይም አባባ፣ ይንኩት» ተባሉና ግላይደሩ እጃቸው ላይ ተቀመጠ። በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው ፎም መሆኑን አረጋገጡ፣ የአፍንጫውን ክዳን ከፍተን ከባትሪና ከሁለት ትንንሽ ሞተሮች፣ ሰርቮ ከምንላቸው የጅራት ማንቀሳቀሻዎች በቀር ምንም እንደሌለ አዩ። «በሉ አብሽሩ» ብለው ቁጭ ብለው ተመለከቱ።

ከዚህ የሚወለድ ሌላ ስህተት አለ፤ ይህኛው የራሳችን የአብራሪዎቹ ነው። «ድሮን ካልሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚል። ሰማዩ የሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣን ጉዳይ ነው፤ ኮምቦልቻም ላሊበላም ኤርፖርት አለ። ስለዚህ ከኤርፖርትና ከአውሮፕላን መስመር መራቅ፣ ከመውጣት በፊት ቀበሌውን፣ የጸጥታ አካላትንና የአካባቢውን ሽማግሌዎች ማነጋገር ግዴታችን ነው። «ዛሬ አይሆንም» ከተባለ አይሆንም። ያ ቀን ክንፍ መጠገኛ ይሆናል።

«እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ለመብረር ይቀላል»

የሚገርመው ተቃራኒው ነው። አፋፉ ይጠቅመናል፣ የአየሩ መሳሳት ግን ይጎዳናል። ደሴ ባለችበት በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 22 በመቶ ያህል ሳስቷል። ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 13 በመቶ ያህል በፍጥነት መሄድ አለበት ማለት ነው። መሬት ሲነካ የሚያርፍበት ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ብቻ አይጨምርም፣ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው፤ 28 በመቶ ያህል ይበልጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ አይቶ «በእጅ ገፋ ቢያደርጉት በረረ» ያለ ወጣት እዚህ ሲሞክር ግላይደሩ እግሩ ሥር የሚተከለው ለዚህ ነው። መፍትሔው ሮጥ ብሎ መወርወር፣ ሰፋ ያለ ክንፍ መምረጥ፣ ለማረፊያም ረዘም ያለ ሜዳ መተው ነው። የኮምቦልቻ ሜዳ ዝቅ ስለሚል ለጀማሪ ትንሽ ይመቻል፤ እዚያ የፍጥነቱ ጭማሪ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል።

«ክብደቱ በጣም የቀለለው ይበልጣል»

ለረጋ ቀን አዎ። ቅርጹ አንድ ከሆነ ግን ክብደት የሚንሸራተትበትን ርቀት አይቀንስም፤ ያንኑ መንገድ በፍጥነት ያስኬደዋል እንጂ። ነፋስ በበረታ ቀን በጣም የቀለለው ወደ ኋላ ይገፋል፣ ከበድ ያለው ሰንጥቆ ይሄዳል። ከክብደቱ ይልቅ ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው የሚያሳስበው። ግላይደሩን በክንፉ ሥር በሁለት ጣት ሲያነሱት፣ ጣቶቹ ከክንፉ የፊት ጠርዝ የወርዱ ሲሶ ገደማ ላይ ሆነው ሚዛኑን ጠብቆ መቆም አለበት። ጅራቱ ካጋደለ አይወረወርም።

«መውደቅ ሲጀምር ስቲኩን ወደ ራስ መሳብ ነው»

ስቲክ የምንለው ሪሞቱ ላይ ያለችውን የመሪ ዘንግ ነው። እጅ ሳይታዘዝ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ብዙ ግላይደር የሚሰብረውም ይኸው ነው። ክንፍ አየሩን የሚገናኝበት አንግል ከልክ ካለፈ፣ ለአብዛኛው ክንፍ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ገደማ ካለፈ፣ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና ማንሳት ያቆማል። ስቶል አደረገ የምንለው ያኔ ነው። ምልክቱ ከታች ይታያል፤ አፍንጫው ቀና ይላል፣ ፍጥነቱ ይሞታል፣ ስቲኩ ቢነካም አይታዘዝም፣ ከዚያ አንዱ ክንፍ ቀድሞ ይወድቃል። በዚያች ቅጽበት ስቲኩን ወደ ራስ የሳበ አንግሉን አባባሰው። መድኃኒቱ መልቀቅ፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ ፊት መግፋት፣ ፍጥነት ሲመለስ በቀስታ ማቅናት ነው። ለዚህ ከፍታ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጀማሪ ዝቅ ብሎ እንዲዞር አንፈቅድም።

ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ራሱ በሠራቸው ግላይደሮች ከኮረብታ ላይ ሲበር ቆይቶ በ1896 የሞተው ግላይደሩ ስቶል አድርጎ በመውደቁ ነው። ራይት ወንድማማቾች የእሱን ሥራ አጥንተው፣ በ1902 በሠሩት ግላይደር መሪውን ከተካኑ በኋላ ነው በ1903 ሞተር የገጠሙት። «ሞተር የሌለው የልጅ ጨዋታ ነው» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

«ንስርና ጭልፊት ያጠቁታል»

አልፎ አልፎ ይሞክራሉ፣ በተለይ ጎጇቸው ያለበት ገደል ሲቀርቡት። አብዛኛውን ጊዜ ግን ወፎቹ አስተማሪዎቻችን ናቸው። ጥንብ አንሳ ጠዋት አለት ላይ ተቀምጦ የሚቆየው ሰንፎ አይደለም፤ ፀሐይዋ አየሩን እስክታነሳለት እየጠበቀ ነው። ክንፉን ሳያራግብ በክብ ሲወጣ ካየነው የሚወጣው አየር የት እንዳለ ነገረን ማለት ነው። በኢትዮጵያ ገደሎች ላይ የሚራባው የሩፐል ጥንብ አንሳ ምን ያህል እንደሚወጣ ዓለም የተረዳው በ1973 እ.ኤ.አ. ኮትዲቯር ላይ በ11,300 ሜትር ገደማ ከአውሮፕላን ጋር በተጋጨ ጊዜ ነው። ደንባችን ቀላል ነው፤ እነሱ በሚዞሩበት አቅጣጫ እንዞራለን፣ ጥፍሩን ወደ ላይ አድርጎ የተገለበጠ ወፍ ካየን ቦታውን እንለቃለን፣ ለጨዋታ ብለን ወፍ አናሳድድም።

«ሪሞቱ ሩቅ ይደርሳል፣ ይሂድ»

የዛሬ ሪሞቶች የሚሠሩበት 2.4 ጊጋ ኸርዝ ሬዲዮ ከዓይን ቀድሞ አይደክምም፤ የሚደክመው ዓይን ነው። ሁለት ሜትር ክንፍ 500 ሜትር ላይ ሲደርስ ከሙሉ ጨረቃ ወርድ ከግማሽ በታች ሆኖ ይታያል፤ እየመጣ ይሁን እየሄደ መለየት ያዳግታል። ሬዲዮውም ቢሆን አለት አያልፍም። አብራሪው ከአፋፉ ወደ ኋላ ቆሞ ግላይደሩ ከጠርዙ በታች ከወረደ መሬቱ ራሱ መካከላቸው ይገባል። መቆሚያው ሸለቆው ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ነው።

«ገንዘብ ያለው ሰው ነገር ነው»

ሬዲዮው (ሪሞቱ)፣ ግላይደሩ ውስጥ ሆኖ ምልክቱን የሚቀበለው ሪሲቨር፣ ሰርቮውና ባትሪው ይገዛሉ፤ ይህን መደበቅ አይቻልም። ክበብ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው፤ አንዱ ሬዲዮ ለብዙ ሰው ይሆናል፣ ሁለት ሬዲዮ በገመድ ተያይዞ ደግሞ አስተማሪው ስህተት ሲያይ መሪውን ይቀበላል። የቀረው እጅ ነው። የፍሪጅና የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም፣ ቀርከሃ፣ ፕላስተር አለ። ፎም መቁረጫው የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ነው፤ ተፍታቶ በእንጨት ቀስት ላይ ይወጠርና በዝቅተኛ ቮልቴጅ ባትሪ ይሞቃል። በቀጥታ ግድግዳ ላይ መሰካት ሰው ይገድላል፣ አይሞከርም። ሽቦው ከቀላ ፎሙን ያቀልጠዋል፣ ከቀዘቀዘ ይጎትተዋል። በልኩ ሲሆን የክንፉ ፊት ለስላሳ ሆኖ ይወጣል።

ለመጀመር ሬዲዮም አያስፈልግም። ከዚያው ፎም የእጅ ክንድ የሚያህል ግላይደር ቆርጦ፣ አፍንጫው ላይ ሳንቲም በፕላስተር እየለጠፉና እያነሱ ቀጥ ብሎ እስኪንሸራተት መወርወር ይቻላል። ሳንቲሙ ሲበዛ አፍንጫውን ይደፋል፣ ሲያንስ ቀና ብሎ ስቶል ያደርጋል። ሚዛኑን ያገኘ ልጅ የሚቀጥለውን ይዞ ወደ አፋፉ ሊመጣ ይችላል፤ ቦታ አለን።