«እሷ እኮ ቤት ነው የምትውለው»፦ ስለ አስታማሚዎች የምንሳሳተው

ባሕር ዳር ውስጥ ያረጀ ወይም የታመመ ሰው ባለበት ብዙ ቤት አንዲት ልጅ ሥራዋን ትታ ቀርታለች። ዘመድ ይመጣል፣ «ተባረኪ» ይላል፣ ይሄዳል። ምርቃቱ አይጠላም፤ ዳይፐር ግን አይገዛም።

«ሥራ የላትም።» ማን አለ? ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ሌሊት ስትነሳ አድራ ጠዋት ደግሞ በባጃጅ ለቀጠሮ መሮጥ ሥራ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? የዓለም የሥራ ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በ64 አገሮች ብቻ በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ያለ ክፍያ ለእንክብካቤና ለቤት ውስጥ ሥራ ይውላል። ሦስት አራተኛው የሴቶች ነው።

«የጤና መድን አላቸው፣ ምን ወጪ አለ?» መድኑ የታማሚውን ሕክምና ነው የሚሸፍነው። ከዘጌ በጀልባ እናቷን ይዛ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የመጣች ልጅ የምትበላውን፣ የምታድርበትን፣ ገበያ ሳትወጣ የቀረችበትን ቀን የሚሸፍንላት የለም።

«መሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ይሰጣታል።» በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ሠራተኛው ራሱ ሲታመም ነው። ለከባድ ችግር እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ይፈቀዳል፣ ያውም በበጀት ዓመት 2 ጊዜ ብቻ። ስትሮክ በ5 ቀን አይድንም። ስለዚህ ሥራ ትለቃለች፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለጡረታ አይቆጠሩላትም።

«ውጭ አገር ቢሆን ደመወዝ ይከፈላት ነበር።» እሱም የተጋነነ ነው። እንግሊዝ በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት ለምታስታምም ሰው በ2025 እ.ኤ.አ. ትሰጥ የነበረው 83.30 ፓውንድ ነበር፤ ሲካፈል በሰዓት 2.38 ፓውንድ። ደመወዝ አይባልም፣ ከባዶ ግን ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ቤተሰብ የሚያፋጀው ይሄኛው ነው፦ «ለማንኛውም ቤቱ የእሷ ነው የሚሆነው።» አይሆንም! በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች ውርስ እኩል ነው የሚካፈሉት። አሥር ዓመት ያስታመመችውም፣ ለፋሲካ ብቻ የሚደውለውም እኩል። ወላጅ ሌላ ሐሳብ ካለው አእምሮው ሳይደክም ኑዛዜ ይጻፍ፤ በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በ4 ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል። ጎረቤት ቡና ላይ ተጠርቶ «ቤቱ ላንቺ ነው» መባሉ አይበቃም። በሕይወት እያሉ ይሄን ማንሳት «ሞታቸውን ተመኘች» ያሰኛል፣ አውቃለሁ። ስለዚህ እሷ አታንሳው፤ ታላቅ ወንድም ወይም የንስሐ አባት ያንሱት።

«ከወንድሞቿ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነው።» የቤተሰብ ሕጉ (በክልላችን አዋጅ 79/1995) የተቸገረና ሠርቶ መብላት የማይችል ወላጅን የመቀለብ ግዴታ የጣለው በልጆች ላይ ነው፣ ቤት በቀረችው ላይ ብቻ አይደለም። እና ተቀመጡ፣ ወጪውን ዘርዝሩ፦ መድኃኒት፣ ባጃጅ፣ ሳሙና፣ ምግብ። ለእሷም በየወሩ የሚደርሳትን ለብቻ ጻፉ፣ ከእናት ወጪ ጋር አትደባልቁት። እምቢ ያለ ካለ መጀመሪያ ሽማግሌ፣ ካልሆነ ፍርድ ቤት። ግን ልብ በሉ፣ ቀለብ በሕግ የእናት መብት ነው። ፍርድ ቤት ለእናት ይወስናል፤ የአስታማሚዋን ድርሻ የምትወስኑት እናንተው ናችሁ።