«ኤጀንት» ምንድነው? ደላላውስ የማን ሰው ነው?

ደሴ ፒያሳ ላይ ቆመህ ቤት ልገዛ ነው ብትል ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ሶስት ደላላ ይከብሃል፣ ሶስቱም «ወንድሜ» ይሉሃል። ከዛ ሻጩ ጋ ይዘውህ ሲሄዱ ሰውዬውን «አባቴ» ይሉታል። በዚህ ሂሳብ ሻጩ አባትህ ሆነ ማለት ነው፣ ዋጋ ግን አይቀንስልህም።

ነገርዬው ይሄው ነው፣ መሀል ያለው ሰው ለማን ነው የሚሰራው? ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን «የገዢ ኤጀንት»፣ «የሻጭ ኤጀንት» ሲሉ የምንሰማው ይሄንን ነው፣ በኛ ህግ ስሙ ውክልና ይባላል። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ህግ ቁጥር 2199 ላይ አለ፣ ባጭሩ አንድ ሰው በሌላው ስም ሆኖ ህጋዊ ስራ ሊሰራለት ሲስማማ ማለት ነው። ወኪልህ በተሰጠው ስልጣን ልክ ከፈረመ አንተ እንደፈረምክ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ህጉ ጠበቅ ያደርግበታል፦ ቅን ልቦና ይኑርህ፣ የወካይህን ጥቅም ብቻ አስብ፣ እሱ ሳያውቅ ከጉዳዩ የጎን ጥቅም እንዳትበላ (2208 እና 2209ን ማየት ነው)።

ደላላ ግን ወኪል አይደለም! ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ደላላ ማለት ገዢና ሻጭ ፈልጎ የሚያገናኝ፣ ሲደራደሩ መሀል የሚገባ፣ በራሱ የሚሰራ ነጋዴ ነው። ካንተም ከሻጩም ኮሚሽን ይቀበላል፣ የሁለታችሁም ሰው ነው፣ ወይም የማናችሁም አይደለም። እሱ የሚያስበው ዛሬውኑ ተስማምታችሁ ስትጨባበጡ ማየት ነው፣ በስንት የሚለው ላይ ብዙም እንቅልፍ አያጣም።

እኔ ይሄን የገባኝ ኮምቦልቻ ላይ ነው። እህቴ ጅዳ ሆና በላከችው ብር በርበሬ ወንዝ አካባቢ ቤት ስንፈልግ አንድ ደላላ ያዘን፣ ሸጋ ልጅ ነው ወላሂ፣ ሲያወራ ማር ነው። «የመጨረሻው 4 ሚሊዮን ነው ወንድሜ፣ ላንተ ብዬ ነው ያስቀነስኩት» አለኝ፣ ለካ ሻጩ የነገሩት «እኔ 3 ሚሊዮን 600 ሺ ይግባልኝ፣ ከዛ በላይ የሸጥከው ያንተ» ብለው ነው። ያወቅኩት ሻጩ ቤት ቡና ሶስተኛው ሲቀዳ ነው፣ እሳቸውም ያወቅኩ መስሏቸው እንጂ ሊያጋልጡት አልነበረም። ይታይህ እንግዲህ፣ እኔ ዋጋ ያስቀንስልኛል ብዬ ኮሚሽን ልከፍለው ነው፣ እሱ ደግሞ ዋጋው በጨመረ ቁጥር ነው ኪሱ የሚሞላው። ሻጩን ግን አልበደላቸውም፣ አውቀው ፈቅደውለታል። ከኔም ጋር በወረቀት የሚያስረው ምንም ነገር አልነበረም፣ «ወንድሜ» ከማለት በቀር። አኩርፌ ነበር መጀመሪያ፣ በኋላ ሳስበው ሞኙ እኔ ነኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ሻጩ ላንተ ስንት ይሰጡሃል?» ብዬ አልጠየቅኩትም።

አሜሪካም ቢሆን ጭቅጭቁ አልቀረላቸውም። እዛ ኤጀንቱ ፈቃድ ያለው ነው፣ ለአንዱ ወገን ከሰራ ምስጢሩን መጠበቅ፣ ለሱ መወገን ግዴታው ነው። ለሁለቱም ልስራ ካለ የሁለቱን ፈቃድ ማግኘት አለበት፣ ይሄንን የማይፈቅዱ ስቴቶችም አሉ። ፍሎሪዳ ለምሳሌ ሌላ ነገር በፅሁፍ ካልተስማማችሁ ህጉ ሰውዬውን ለማንም ሙሉ በሙሉ የማይወግን አገናኝ አድርጎ ነው የሚያየው፣ ልክ እንደኛ ደላላ በለው። ደግሞ የሪልተሮቹ፣ ማለትም የቤት ኤጀንቶቹ፣ ማህበር በኮሚሽን ጉዳይ ተከሶ 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ፣ ከነሐሴ 2016 ወዲህ የገዢ ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ በፊት ስንት እንደሚከፈለው የተፃፈ ውል ማስፈረም ግድ ሆኖበታል። እኛ ጋ ቤት ለማየት ፈርም ብትለው ደላላው ይስቅብሃል።

እና እውነተኛ ወኪል ከፈለግክስ? ያው ውልና ማስረጃ ነው። በተለይ አረብ ሀገር ላላችሁ፣ ወሎ ውስጥ ስንት ቤት በወንድም ስም በአጎት ስም እንደሚገዛ የምታውቁት ነው፣ ውክልናው ምን ይላል የሚለው ሁሉ ነገር ነው። ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም፣ ቁጥር 2205 ቤት ለመሸጥም ሆነ በዋስትና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ይጠይቃል፣ «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ» የሚል ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ኪራይ መሰብሰብ ይችላል እንጂ ቤቱን ሊሸጥልህ አይችልም። ስለዚህ ገዢ ከሆንክ ወረቀቱ ላይ «ለመሸጥ» የሚለውን ቃል በአይንህ ፈልገው። ሌላው፣ ወካዩ በህይወት መኖሩን አጣራ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ ሰው ሲሞት ውክልናውም አብሮ ያልቃል። ባልና ሚስት አብረው ያፈሩት ቤት ከሆነ ደግሞ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፣ ባልየው ብቻውን ጅዳ ሆኖ ውክልና ላከ ማለት ተሸጠ ማለት አይደለም።

ቀብድ ላይም እንዲሁ። ህጉ ቀብድ የሰጠ ሀሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከቀየረ እጥፍ ይመልሳል ይላል። ግን ደላላው እጅ ላይ ያስቀመጥከው ብር ሻጩ ካልወከሉት ማን ተቀበለ ይባላል? ሻጩ «እኔ መች አየሁት» ቢሉህ ምን ልትል ነው። እኔ አሁን ቀብድ የምሰጠው ለባለቤቱ፣ ምስክር ባለበት፣ በፅሁፍ ነው፣ ዋናውን ውልም ውልና ማስረጃ ሄደን ነው የምንፈርመው፣ የቤት ሽያጭ በቃል አይሆንማ።

ያንን የኮምቦልቻውን ቤት በመጨረሻ በ3 ሚሊዮን 750 ገዛነው። ደላላው አሁንም ሲያየኝ «ወንድሜ» ይላል፣ እኔም «አብሽር ወንድሜ፣ ዛሬ ደግሞ የማን ወንድም ነህ?» እለዋለሁ፣ ይስቃል።