«ሚክስድ» የተባለው ጌም፦ ስለ አዳዲስ የትብብር ተኩስ ጌሞች ግምገማ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ የትብብር ተኩስ ጌም፣ ማለትም ተጫዋቾች በአንድ ቡድን ሆነው ጠላትን የሚተኩሱበት ጌም፣ በወጣ ማግስት ተጫዋቾች ክርክር የሚገጥሙት ብዙውን ጊዜ ከጌሙ ይልቅ ከስሙ ሥር ስለ ተጻፈው የግምገማ ውጤት ነው። የኮምፒውተር ጌሞች በሚሸጡበት ስቲም በተባለው የኢንተርኔት መደብር ላይ አስተያየቱ ለሁለት ተከፍሎ «ሚክስድ» (የተደባለቀ) የሚል ቃል ከታየ አንዱ ወገን ጌሙ አበቃለት ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ቅሬታ ያቀረቡትን ሁሉ መጫወት የማይችሉ ወይም ሆን ብለው ስም የሚያጠፉ አድርጎ ይቆጥራል። ሁለቱም ወገኖች ውጤቱ እንዴት እንደሚሰላ ሳያጣሩ ስለሚከራከሩ ጉዳዩ መቋጫ አያገኝም፤ ልግዛ ወይስ ልተው እያለ የሚያመነታ ሰውም ከክርክሩ የሚያተርፈው ነገር የለም። በእኔ እምነት በትብብር ጌም ላይ የተሰጠ የተከፋፈለ አስተያየት ከሁሉም በላይ ተረጋግቶ ሊነበብ የሚገባው ነው፤ በሥርዓት የሚነበበው ግን የሚከተሉት የተሳሳቱ ግምቶች ሲታረሙ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሚክስድ የተባለ ጌም መካከለኛ ጌም ነው»

ስቲም ለተጫዋቹ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ጌሙን ለሌላ ሰው ትመክራለህ ወይስ አትመክርም የሚል። መልሱም አውራ ጣትን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማድረግ ነው፤ በመካከል ሌላ ምርጫ የለም። አዎንታዊ መልስ የሰጡት ከ40 እስከ 69 በመቶ ሲሆኑ ጌሙ «ሚክስድ» ይባላል፤ 70 በመቶ ሲደርስ ወደ ቀጣዩ እርከን ይሸጋገራል። ስለሆነም 60 በመቶ ማለት ጌሙ በጥራቱ ከመቶ 60 ነጥብ አገኘ ማለት አይደለም። ከመቶ ተጫዋቾች ስድሳዎቹ አብዝተው የወደዱት፣ አርባዎቹ ደግሞ ገንዘባቸውን ያስመለሱበት ጌም ይህን ቁጥር ያገኛል፤ መቶዎቹም «ምንም አይልም» ብለው ያለ ብዙ ስሜት ወዲህና ወዲያ የተከፈሉበት ጌም ያንኑ ቁጥር ያገኛል።

በትብብር ተኩስ ጌሞች ላይ የመጀመሪያው ዓይነት መከፋፈል የሚበረታበት በቂ ምክንያት አለ። የስቲም ባለቤት የሆነው ቫልቭ በኖቬምበር 2008 ያወጣውን ሌፍት ፎር ዴድን እንውሰድ። በዚህ ጌም አራት ተጫዋቾች በዞምቢዎች መካከል አልፈው መጠለያ ክፍል ይደርሳሉ። «ዳይሬክተር» የተባለው የጌሙ ሥርዓት ተጫዋቾቹ የደረሰባቸውን ጉዳትና ጫና ይከታተላል፤ ጫናው ሲበረታ ጠላቶቹን ቀንሶ እፎይታ ይሰጣል፣ ሲረግብ ደግሞ አዲስ መንጋ ይለቃል። በዚህ የተነሳ ተመሳሳዩን ኮሪደር አንዱ ቡድን ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ሌላው በጠላት ተጥለቅልቆ ያገኘዋል።

በዚያው ጌም ውስጥ «ሀንተር» የሚባል ጠላት አለ። ከሩቅ ዘሎ አንድ ተጫዋች ላይ ከወደቀ የተያዘው ሰው ራሱን ማስለቀቅ አይችልም፤ ጤናው ሲያሽቆለቁል እያየ የቡድኑ አባል እስኪደርስለት ከመጠበቅ በቀር ሌላ አማራጭ የለውም። በማይክሮፎን የሚነጋገሩ አራት ጓደኛሞች ሲገጥማቸው አንዱ «ተይዣለሁ፣ ከደረጃው በላይ ነኝ» ይላል፣ ሌላው ተመልሶ ያድነዋል፣ ያቺም ቅጽበት ለሰዓታት የሚያወሯት ትዝታ ትሆናለች። ከማያውቃቸው ሦስት ሰዎች ጋር የገባ ተጫዋች ግን የቡድኑ አባላት ወደ ኋላ ሳይመለከቱ ጥለውት ሲሄዱ መሬት ላይ ተጋድሞ ያልቃል። የጌሙ ሕግ ለሁለቱም አንድ ነው፤ አንደኛው «እመክራለሁ»፣ ሁለተኛው «አልመክርም» ብለው ቢጽፉ ግን ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በትብብር የሚጫወቱት ጌም ከጎን ያለውን ሰው የግድ የጌሙ አካል ያደርገዋልና፣ የአስተያየት መከፋፈል ከጌሙ ጥራት ማነስ ብቻ የሚመነጭ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

«የባለሙያ ገምጋሚዎች ነጥብና የተጫዋቾች መቶኛ ከተራራቁ አንዱ ወገን ተገዝቷል»

ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። በ2001 የተጀመረው ሜታክሪቲክ የመገናኛ ብዙኃን ገምጋሚዎች የሰጡትን ነጥብ ሰብስቦ ለአንዳንዶቹ ከሌሎቹ የበለጠ ክብደት በመስጠት አማካዩን ያወጣል፤ ስቲም ደግሞ የሚመክሩትና የማይመክሩት ስንት ስንት እንደሆኑ ይቆጥራል። አንድ ጌም በሜታክሪቲክ 75፣ በስቲም ደግሞ 55 በመቶ ቢያገኝ በሁለቱ መካከል የግድ ቅራኔ አለ ማለት አይደለም።

ከዚህም በላይ ሁለቱ ወገኖች ጌሙን የሚጫወቱበት ሁኔታ ይለያያል። ገምጋሚዎች ብዙ ጊዜ ጌሙን የሚያገኙት ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት፣ ተጫዋቾችን በኢንተርኔት በሚያገናኙት ኮምፒውተሮች (ሰርቨሮች) ላይ ጥቂት ሰው ብቻ በሚኖርበት ወቅት ነው። ተጫዋቾች ተባብረው ዘረፋ የሚፈጽሙበት ፔይዴይ 3 በሴፕቴምበር 21 ቀን 2023 ሲወጣ የተፈጠረው ችግር ግን ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ሲገባ ብቻ የሚታይ ዓይነት ነበር፤ ተጫዋቾችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ሥርዓት ለቀናት ተስተጓጎለ፣ ጌሙም ብቻውን ለሚጫወት ሰው ሳይቀር የሰርቨር ግንኙነት ይጠይቅ ስለነበር ገንዘቡን የከፈለ ሰው ከመጠበቂያው ስክሪን ማለፍ አቃተው። ስለ ተኩሱና ስለ ዘረፋው አነዳደፍ የጻፈ ገምጋሚ ሐሰት አልተናገረም፤ «መግባት አልቻልኩም» ያለው ተጫዋችም እንዲሁ። ለግምገማ የሚሰጥ ነጻ ቅጂ የተለመደ አሠራር ስለሆነ እርሱ ብቻውን የጉቦ ማስረጃ አይሆንም፤ ስቲምም ቢሆን ከ2016 ጀምሮ ከሌላ ቦታ በተገኘ ኮድ ጌሙን ያገኙ ሰዎች የሚሰጡትን አስተያየት በውጤቱ ስሌት ውስጥ አያስገባም።

«በአንድ ጊዜ የሚጎርፍ አሉታዊ አስተያየት ሁሉ የአድመኞች ዘመቻ ስለሆነ ዋጋ የለውም»

ዘመቻ መኖሩ አይካድም። ስቲም በማርች 2019 ከጌሙ ጋር ግንኙነት የሌላቸውን የአስተያየት ዘመቻዎች ከውጤቱ የሚያወጣበት አሠራር ያስተዋወቀው፣ ሜታክሪቲክም በ2020 አንድ ጌም ከወጣ 36 ሰዓት እስኪሞላው ድረስ የተጠቃሚዎችን ነጥብ አልቀበልም ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሆኖም ጎርፍ መሆኑ ብቻ ቅሬታውን መሠረተ ቢስ አያደርገውም።

ለአራት ሰዎች የተሠራው የትብብር ተኩስ ጌም ሄልዳይቨርስ 2 ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። ጌሙ በፌብሩዋሪ 8 ቀን 2024 ወጥቶ እጅግ ተወደደ። በሜይ 3 ቀን ግን አሳታሚው ሶኒ የስቲም ተጫዋቾች ሁሉ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ (የሶኒ የኢንተርኔት ጌም አገልግሎት) አካውንት ከጌሙ ጋር እንዲያገናኙ ግዴታ እንደሚጥል አስታወቀ። አገልግሎቱ በይፋ በማይሰጥባቸው ሀገሮች የሚኖሩ ሰዎች ጌሙን አስቀድመው ገዝተው ለወራት ተጫውተውታል፤ አሁን ግን ሕጋዊ በሆነ መንገድ አካውንት ሊከፍቱ የማይችሉበት ሁኔታ ተፈጠረ፣ ጌሙም ከ170 በሚበልጡ ሀገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ወጣ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ200,000 በላይ አሉታዊ አስተያየቶች ተጻፉ፤ ሶኒም ውሳኔውን አንስቻለሁ ለማለት ሦስት ቀን ያህል ብቻ ፈጀበት። ከዚያም ብዙዎች የጻፉትን መልሰው ወደ አዎንታዊ ቀየሩት። እነዚህ ሰዎች ስለ ተኩሱ አልተናገሩም በሚል ድምፃቸው መሰረዝ ነበረበት የሚለውን ክርክር አልቀበለውም። ጓደኛህ ካለበት ሀገር መግባት የማይቻል ከሆነ ለአራት ሰዎች የተሠራው ጌም ለእናንተ ቡድን ፈረሰ ማለት ነው፤ ይህም ከጌሙ ጋር ከማንኛውም የመሣሪያዎች ኃይል ማመጣጠን በላይ ግንኙነት ያለው ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው ማድረግ የሚችለው ቀላል ነገር አለ። ስቲም አስተያየቶቹን በጊዜ ቅደም ተከተል የሚያሳይ ግራፍ ከ2017 ጀምሮ ያቀርባል፤ ጎርፉ የጀመረበትን ቀን አይቶ በዚያ ቀን ምን እንደተከሰተ ማጣራት ይቻላል።

«ሁለት ሰዓት ብቻ የተጫወተ ሰው የመናገር መብት የለውም፤ ሦስት መቶ ሰዓት ተጫውቶ የሚያማርር ደግሞ ውሸታም ነው»

በስቲም ጌም በተገዛ በ14 ቀን ውስጥና ከሁለት ሰዓት በታች ተጫውቶ ገንዘብ ማስመለስ ይቻላል። ስለዚህ ጌሙ በኮምፒውተሩ ላይ በየአሥር ደቂቃው የሚዘጋበት ሰው አስተያየቱን ሰጥቶ የሚወጣው በዚያው ሁለት ሰዓት ውስጥ ነው፤ ተጨማሪ ሃምሳ ሰዓት እንዲታገሥ መጠየቅ ተገቢ አይደለም። የእርሱ ቃል ስለ ጌሙ የመጨረሻ ምዕራፍ ምንም አይነግረንም፤ ስለ ቴክኒክ ብቃቱ ግን ከማንም በላይ ይነግረናል። ብዙ ሰዓት የተጫወተው ደግሞ ጌሙን ወዶት የኖረ፣ በቅርቡ በወጣ አፕዴት ምክንያት ግን ሐሳቡን የቀየረ ሊሆን ይችላል። ስቲም አስተያየቱ ሲጻፍ ሰውየው ስንት ሰዓት ተጫውቶ እንደነበርና እስከ ዛሬ በድምሩ ስንት እንደደረሰ ለይቶ ስለሚያሳይ፣ «አልመክርም» ካለ በኋላ መጫወቱን የቀጠለውንና የተወውን መለየት ይቻላል።

«ጊዜ ከተሰጠው ሁሉም ጌም ይስተካከላል»

ይህን የሚሉት ሰዎች የሚጠቅሱት ዋርሀመር 40,000 ዳርክታይድ የተባለውን የትብብር ጌም ነው፤ ምሳሌውም እውነተኛ ነው። የስዊድኑ ጌም ሠሪ ኩባንያ ፋትሻርክ ጌሙን በኖቬምበር 30 ቀን 2022 ሲያወጣው በጦርነቱ ስሜት ብዙዎች ቢደሰቱም የመሣሪያ ማሻሻያ ሥርዓቱ ተሠርቶ አላለቀም ነበር፤ ኮምፒውተር ላይም ደጋግሞ ይዘጋ ነበር። በእውነተኛ ገንዘብ ልብስ የሚሸጠው ሱቅ ግን ተሟልቶ ቀርቧል፤ ተጫዋቾችን ያስቆጣውም ይኸው ነው። በጃንዋሪ 2023 የኩባንያው ኃላፊ በግልጽ ደብዳቤ ይቅርታ ጠየቁ፤ ኤክስቦክስ ለተባለው የጌም ማጫወቻ የሚሠራው ቅጂና አዳዲስ የሚሸጡ አልባሳት ዋናው ችግር እስኪፈታ እንዲዘገዩ ተደረገ። የተጫዋች ክህሎት ሥርዓቱ ከሥሩ የተቀየረው በኦክቶበር 2023 ሲሆን የመሣሪያው ሥርዓት ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር 2024 ድረስ ጠብቋል። ጥገናው ተሳክቷል፤ የፈጀው ጊዜ ግን ሁለት ዓመት ገደማ ነው።

በሌላ በኩል አርኬን ኦስቲን የተባለው ስቱዲዮ በሜይ 2023 ያወጣው የትብብር ተኩስ ጌም ሬድፎል ከዓመት በኋላ ስቱዲዮው ሲዘጋ የመጨረሻ አፕዴቱን አግኝቶ ቆመ፤ ያለ ኢንተርኔት መጫወት የተቻለውም በዚያ የመጨረሻ አፕዴት ነው። በኦክቶበር 2021 የወጣው ባክ ፎር ብለድም በፌብሩዋሪ 2023 አዲስ ይዘት እንደማይጨመርለት ተነገረ። ከእነዚህ ልዩነቶች የምረዳው፣ የመዳን ተስፋው የሚመዘነው በችግሩ ዓይነት እንደሆነ ነው። ሄልዳይቨርስ 2 በወጣ ሰሞን ሰርቨሮቹ የመጣውን ሕዝብ መሸከም አቅቷቸው በአንድ ጊዜ የሚገቡት ሰዎች በ450,000 ተገድበው ነበር፤ ይህ የአቅም ችግር በመሆኑ በሳምንታት ውስጥ ተቃለለ። የጠላቶቹ ዓይነት ማነስ፣ የተልዕኮዎቹ መደጋገም ወይም ባዶ የሆነ ዓለም ግን የንድፍ ችግር ስለሆነ የሰርቨር ጭማሪ አይፈታውም። አስተያየት ስናነብ ቅሬታው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ከመቶኛው ይበልጥ ይጠቅማል።

«ከጓደኛ ጋር ሁሉም ጌም ስለሚያዝናና ግምገማ አያስፈልግም»

ጓደኝነት ደካማ ጌምን ለሁለት ምሽት ሊሸከመው ይችላል፤ ለሁለት ወር ግን አይሸከመውም። ጥሩ የትብብር ጌም ተጫዋቾቹን እርስ በርስ እንዲፈላለጉ ያደርጋል። ማዕድን ቆፋሪዎች በሆኑበት በዲፕ ሮክ ጋላክቲክ አንዱ ዋሻውን በመሰርሰሪያ ይከፍታል፣ ሌላው የገመድ መስመር ይዘረጋል፣ ሌላው መድረክ እየተኮሰ ከፍ ያለ ማዕድን ጋር ያደርሳል፣ አራተኛው ጨለማውን በብርሃን ይሞላል። አራት ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው እያንዳንዳቸው ብቻቸውን የሚተኩሱበት ጌም ግን ትብብሩ የስም ብቻ ነው። «ከጓደኞቼ ጋር አዝናንቶኛል» የሚል አስተያየት ሲገጥመን ጌሙ ራሱ ለዚያ ደስታ ምን እንዳዋጣ ካልተጻፈበት ስለ ጌሙ የነገረን ነገር ጥቂት ነው።

«የተጫዋቹ ቁጥር ከቀነሰ ጌሙ ሞቷል»

መቶ ሰው በአንድ ሜዳ ለሚያሰልፍ የውድድር ጌም ይህ ስጋት ተገቢ ነው። የትብብር ተኩስ ጌም የሚፈልገው ግን ብዙውን ጊዜ አራት ሰው ነው። አስጊ የሚሆነው ቁጥሩ ሳይሆን ጌሙ ያለ አሳታሚው ሰርቨር መነሳት አለመቻሉ ነው፤ ፔይዴይ 3 ብቻቸውን ለሚጫወቱ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ምርጫ ያቀረበው ከወራት ቅሬታ በኋላ፣ በ2024 ነው።

«ውጤቱ ለሁሉም ተጫዋች አንድ ነው»

ከኦገስት 2025 ጀምሮ ስቲም በቂ አስተያየት ላላቸው ጌሞች ውጤቱን በየቋንቋው ለይቶ ያሰላል፤ ምክንያቱም የትርጉም ጥራት ወይም የግንኙነት ችግር በአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ላይ ብቻ ሊደርስ ይችላል። አንድ ጌም በአንዱ ቋንቋ «ሚክስድ» ሆኖ በሌላው በጣም ተወድዶ ሊታይ ይችላል። ከሰርቨሮቹ ርቆ የሚኖር ተጫዋች ከጠቅላላው መቶኛ ይልቅ በእርሱ ክልል ሆነው የተጫወቱ ሰዎች ጌሙ ምላሽ ለመስጠት ስለ መዘግየቱና ስለ ግንኙነት መቋረጡ የጻፉትን ፈልጎ ቢያነብ ለውሳኔው የሚበጀውን መረጃ ያገኛል።