ከሀሳብ እስከ ናሙና፦ ስለ ጋራ ወርክሾፖች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ «እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር» የሚል ሰው አይጠፋም። ባጃጅ የሚያሽከረክረው ወጣት ተሳፋሪውን ከዝናብ የሚከልል መጋረጃ ሲያስብ ይውላል፤ አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጠው እናት በረዶ ቶሎ የማይቀልጥበትን ሣጥን ትመኛለች። ሀሳቡ በእጅ ወደሚዳሰስ ናሙና እንዲደርስ ግን መሣሪያ፣ አሠራሩን የሚያሳይ ሰውና ተሳስቶ እንደገና የሚሞከርበት ቦታ ያስፈልጋል። ሜከርስፔስ ወይም የጋራ ወርክሾፕ የሚባለው ይህንኑ የሚያሟላ ቦታ ነው፤ አባላቱ ድሪሉን፣ መጋዙን፣ የብየዳ መሣሪያውንና ኮምፒውተሩን በጋራ ይጠቀማሉ፣ ከዚያም በላይ ሙያቸውን ይዋዋሳሉ። ስለዚህ ቦታ የሚነገሩ አንዳንድ አመለካከቶች ባለሀሳቡን ከደጃፍ ሲመልሱት ማየት ስለሚያሳዝነኝ፣ ዋና ዋናዎቹን አንድ በአንድ ላንሣ።

«ቦታው ለኢንጂነሮች ነው»

ታሪኩ ራሱ ይህን አይደግፍም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር ኒል ገርሸንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1998 ከሞላ ጎደል ማንኛውንም ነገር ስለመሥራት የሚያስተምር ኮርስ ሲከፍቱ የጠበቁት ጥቂት የምርምር ተማሪዎችን ነበር፤ ከመጡት ብዙ ተማሪዎች መካከል ግን የምህንድስና ትምህርት ያልነበራቸው አርቲስቶችና አርክቴክቶች ይገኙበታል። ፋብ ላብ የተባሉት የጋራ ቤተ ሙከራዎች የተወለዱት ከዚሁ ልምድ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹም አንዱ የተቋቋመው በህንድ ገጠር፣ ፓባል በተባለች መንደር ነው። ችግሩን በየቀኑ የሚኖረው ሰው መሐንዲሱ የማያየውን ያያል፤ የጎደለውን ስሌትና የብየዳ ሙያ ደግሞ ከጎኑ ከሚሠራው ይማራል።

«ናሙና ማለት የሚሸጠው ዕቃ ነው»

ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ የሚያስጠፋው ይህ አመለካከት ይመስለኛል። ናሙና የሚሠራው አንድን ጥያቄ ለመመለስ ነው፤ ጥያቄው ከተመለሰ በኋላ ቢጣልም ሥራውን ጨርሷል።

ምሳሌ እንውሰድ። በሲዳማ ገጠር እንሰት ስትፍቅ ያደገች ሴት ድካሙን ጠንቅቃ ታውቀዋለች፦ ከግንዱ የተላጠው ሽፋን በተጋደመ ሳንቃ ላይ ተዘርግቶ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፋቃል፣ ለቆጮ የሚሆነው ወደ ታች ሲወርድ ቃጫው በእጅ ላይ ይቀራል። ይህች ሴት በእጅ የሚዞር መፋቂያ አሰበች እንበል። ሥዕሏን ይዛ በቀጥታ ወደ ብየዳ ቤት ብትሄድ፣ ብረቱ ተቆርጦ፣ ኩሽኔታው ተገዝቶ፣ ሙሉ ማሽኑ ከቆመ በኋላ ነው ስለቱ ቃጫውን እየቆራረጠ ከቆጮው ጋር እንደሚቀላቅለው የምታየው። ያን ጊዜ ቃጫውም አይሸጥ፣ ቆጮውም አይጠራ።

በወርክሾፕ ግን የመጀመሪያው ሙከራ ማሽን አይሆንም። ቁራጭ እንጨት ላይ የታሠረ አንድ የላሜራ ስለት፣ አንድ የእንሰት ሽፋንና ግማሽ ቀን ይበቃሉ። ላሜራው ቃጫውን ከቆረጠ ጠርዙ እንዲደነዝዝ ይደረጋል፤ አሁንም ከቆረጠ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ይሞከራል፤ እሱ ደግሞ ተለምጦ ካልፋቀ ራሱ ቀርከሃው በሌላ አቅጣጫ ተዘንብሎ ይታሠራል። ሦስቱ ሙከራዎች ወድቀውም ቢሆን የጠፋው ጥቂት ቁራጭና ጥቂት ሰዓት ነው። ስለቱ ሳይታወቅ ስለ ሞተሩ ማውራት ጊዜው አይደለም።

«ስሪዲ ፕሪንተር ከሌለ ወርክሾፕ አይባልም»

ከኮምፒውተር በተላከለት ንድፍ ዕቃን ከፕላስቲክ የሚሠራው ስሪዲ ፕሪንተር ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለማርሽ፣ ለመያዣና ለሣጥን ቅርጽ መሞከሪያ በጣም ይረዳል። ነገር ግን በስፋት የሚሠራበት ፒኤልኤ የተባለው ፕላስቲክ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር፣ በእሱ የተሠራ ዕቃ በተዘጋ መኪና መስታወት ሥር በፀሐይ ቢውል ተጣሞ ሊገኝ ይችላል። በተጨማሪም ዕቃው በስስ ንብርብር እየተደራረበ ስለሚሠራ፣ ጭነት ሲበዛበት ብዙውን ጊዜ የሚሰነጠቀው በንብርብሮቹ መካከል ነው። ከኮምፔንሳቶና ከቪት በአንድ ሰዓት የሚያልቀውን ሥራ ለፕሪንተር ሰጥቶ ሌሊቱን ሙሉ መብራት እንዳይጠፋ መጨነቅ አያስፈልግም።

መሣሪያው ውድ ስለሆነ አይደረስበትም የሚሉም አሉ። ቶጎ፣ ሎሜ ከተማ ውስጥ አፋቴ ኝኩ የተባለ ፈጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 በጋራ የፈጠራ ቦታ ከተጣሉ ፕሪንተሮችና ስካነሮች ስሪዲ ፕሪንተር ገጣጥሟል። ጥገና ቤቶቻችን የሚያከማቹትን የተበላሸ ዕቃ ሳይ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

«ሀሳቤን ካሳየሁ ይሰረቃል»

ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም፤ መፍትሔው ግን ሀሳቡን ደብቆ ማስቀመጥ አይደለም። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የሚጠብቀው በአእምሮ የተያዘን ምኞት ሳይሆን፣ አዲስ የሆነና ተግባራዊ ሊሆን የሚችልን በግልጽ የተብራራ ፈጠራ ነው። ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ለ15 ዓመት ይሰጣል፣ በአገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠም በ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል፤ ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት ደግሞ 5 ዓመት ሆኖ ለተጨማሪ 5 ዓመት ይታደሳል። አብዛኛው የእኛ ሠፈር ፈጠራ፣ ለምሳሌ በነባር መሣሪያ ላይ የተደረገ ማሻሻያ፣ የሚቀርበው ወደዚህ ሁለተኛው ይመስለኛል። ናሙና መሥራት እዚህም ይረዳል፤ ክፍሎቹን በእጁ የገጣጠመ ሰው ማመልከቻው ላይ የሚጻፈውን መግለጫ በትክክል መጻፍ ይችላል።

መጠንቀቅ የሚገባው በአደባባይ ከማሳየት ነው። ምስጢር ለመጠበቅ በጽሑፍ ለተስማሙ ሁለት የወርክሾፕ አባላት ማሳየትና ቪዲዮውን ቴሌግራም ላይ መልቀቅ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው የፈጠራውን አዲስነት ጥያቄ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ስለዚህ ከማመልከቻው በፊት ባዛርም ቴሌቪዥንም ቢቆዩ ይሻላል።

«የማሽን ጥንቃቄ ሥልጠናው ሰዓት ማባከን ነው»

ነጠላዋን ያላወለቀች ወይም እጅጌው የተንጠለጠለ ሰው ድሪል አጠገብ መቆም የለበትም፤ ፒቪሲ ፕላስቲክም በሌዘር መቁረጫ ላይ አይገባም፣ ሲቃጠል ሳንባን የሚጎዳና ማሽኑን የሚያዝግ ጋዝ ያወጣልና። ይህን ለማወቅ የሚወስደው አንድ ከሰዓት ነው።

«የብየዳ ቤቶችን ገበያ ይሻማል»

ወርክሾፑ የሚሠራው አንድ ወይም ሁለት ናሙና ነው፤ ሃያ ወይም ሃምሳ ሲፈለግ ሥራው የሚሄደው ወደ ብየዳ ቤቱ፣ ወደ ቶርኖ ቤቱና ወደ እንጨት ቤቱ ነው። ልዩነቱ ደንበኛው ይዞት በሚመጣው ነገር ላይ ነው፦ ቀድሞ «እንደዚህ ያለ ነገር ሥራልኝ» እያለ በእጁ አየር ላይ ይሥል የነበረው ሰው፣ አሁን የተሞከረ ናሙናና በሚሊሜትር የተጻፈ ልክ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ ብየዳ ሠራተኛውም ሜትሩን አውጥቶ በቀጥታ ላሜራውን መለካት ይጀምራል።