የተያዘ ክፍያ ምንድን ነው?

በኦንላይን ገበያ የሚነግድ ሰው ዕቃውን ሸጦ፣ ገዢውም ከፍሎ፣ ገንዘቡ ግን ለጊዜው ሳይለቀቅለት የሚቆይበት አሠራር የተያዘ ክፍያ ወይም በነጋዴዎቹ አነጋገር «ሪዘርቭ» ይባላል። እንደ ኢቤይ፣ አማዞንና ኤትሲ ያሉ መድረኮች ከገዢው የተከፈለውን ራሳቸው ተቀብለው፣ ድርሻቸውን ቀንሰው ቀሪውን ወደ ሻጩ ባንክ ስለሚልኩ፣ ገንዘቡን የማቆየት አቅሙ በእጃቸው ነው። ምክንያትም አላቸው፤ ዕቃው ሳይደርስ ቢቀር ወይም ገዢው በባንኩ በኩል ክፍያውን ቢያስመልስ፣ ሻጩ ገንዘቡን አውጥቶ ከሆነ ኪሳራው በመድረኩ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ የተያዘ ክፍያ ቅጣት አይደለም። ጠብ የሚነሳው የተያዘው መጠንና የሚቆይበት ጊዜ ከስጋቱ ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በብሪታንያ በኤትሲ የሚሸጡ በርካታ ትናንሽ ነጋዴዎች ከገቢያቸው 75 በመቶው ለ45 ቀናት እንደተያዘባቸው ገልጸው አቤት ያሉ ሲሆን፣ ኩባንያውም ለብዙዎቹ የሚይዘውን መጠን እንደሚቀንስ አስታውቋል። ከሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ አስመጥቶ በ300 ዶላር የሚሸጥ ሰው በዚህ ስሌት እጁ የሚገባው 75 ዶላር ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ለሸማኔውና ለጥልፉ ከሚከፈለው አልፎ ለፖስታ እንኳ ላይበቃ ይችላል። በእኔ እምነት የሻጮቹ ቅሬታ ትክክል ነበር፤ ለዓመታት በመልካም ስም የሠራ ሱቅ ትናንት ከተከፈተ ሱቅ ጋር በአንድ ዓይን መታየት የለበትም።

ክርክሩን ለመፍታት መጀመሪያ ገንዘቡ የተያዘበትን ምክንያት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱ የማንነት ማረጋገጫ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ከሰኔ 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት፣ በ12 ወራት ውስጥ 200 እና ከዚያ በላይ ሽያጭ አከናውኖ 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ያስገባ ሻጭ የባንክ ሂሳቡንና የግብር መለያውን ለመድረኩ ማረጋገጥ አለበት። እዚህ ላይ የእኛ ሰዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፤ በፓስፖርቱ ላይ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ተጽፎ፣ በባንክ ሂሳቡ ላይ ግን ሁለቱ ብቻ ሲገኙ፣ ሲስተሙ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። እንዲህ ሲሆን ስለ ገንዘቡ መጠን ከመከራከር ይልቅ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ሰነድ ማያያዝ ይሻላል።

ምክንያቱ የዕቃው መድረስ ከሆነ ደግሞ ወሳኙ የመከታተያ ቁጥሩ ነው። በኤትሲ አሠራር ትክክለኛ ቁጥር የገባላቸው ትዕዛዞች ገንዘብ ቀኑ ሳይሞላ ሊለቀቅ ይችላል። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ የአጓጓዡ ድርጅት ስም በስህተት ከተመረጠ ግን ጥቅሉ በመንገድ ላይ መሆኑ ላይታይ ስለሚችል፣ ይህን አስቀድሞ ማረም ይገባል።

ከዚያ በኋላም ካልተለቀቀ ቅሬታ በጽሑፍ ይቀርባል። «ገንዘቤን ልቀቁልኝ» የሚል ጥቅል አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ ያው የተለመደ መልስ ይዞ ይመለሳል፤ የትዕዛዙን ቁጥር፣ የተያዘውን መጠን፣ ዕቃው የደረሰበትን ቀንና መድረኩ የጠቀሰውን የውሉን አንቀጽ ለይቶ የሚያስቀምጥ ጽሑፍ ግን መልስ ሰጪውን ጉዳዩን እንዲመረምር ያስገድደዋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚኖር ሻጭ ተጨማሪ መሣሪያ አለው። ቁጥሩ 2019/1150 የሆነውና ከሐምሌ 2020 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ፣ ከአነስተኛ መድረኮች በቀር ሌሎቹ ነፃ የቅሬታ መቀበያ እንዲያዘጋጁ፣ በውላቸውም ውስጥ ቢያንስ ሁለት አሸማጋዮችን በስም እንዲጠቅሱና ከሽምግልናው ወጪ ተገቢውን ድርሻ እንዲሸፍኑ ያዛል። በአሜሪካ ግን ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኝነት ወይስ ወደ ፍርድ ቤት እንደሚሄድ በአብዛኛው የሚወስነው ሻጩ ሲመዘገብ የተስማማበት ውል ነው። በየትኛውም መንገድ ቢኬድ የሚታየው ማስረጃው ስለሆነ፣ ሱቁ ታግዶ ገጹ ከመዘጋቱ በፊት የትዕዛዝ ዝርዝሩንና የመልእክት ልውውጡን አውርዶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።