ዴሌጌት ምንድን ነው? 270ን ከዚህ አውጡልኝ

በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ዘመድ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። ቴሌቪዥኑ ላይ በአማርኛ ውይይት ይካሄዳል፤ ርዕሱ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ቀጣይ የፕሬዚዳንት ዕጩ ማን ይሁን የሚል ነው። አንደኛው ተንታኝ ጣቱን ቀስሮ «ቀድሞ 270 ዴሌጌት የሞላው ዕጩ ይሆናል» አለ። አወያዩ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላው ተጋባዥም «ልክ ነው፣ 270» ሲል አጸናለት። የፓርቲዎችን የውስጥ ደንብ ማንበብ እንጀራዬ ስለሆነ አቦሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ስሕተቱን የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። በ2016ም፣ በ2020ም፣ በ2024ም ሰምቼዋለሁ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለ2028 ደግሞ ከወዲሁ ጀምረውታል።

270 የኖቬምበር ቁጥር ነው። ፕሬዚዳንቱን ከሚመርጡት 538 ወኪል መራጮች አብላጫው ማለት ነው፤ መነሻውም የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ነው። ዴሌጌት የሚባለው ሌላ ሰው ነው፤ ከኖቬምበሩ በፊት፣ በጁላይ ወይም በኦገስት በሚደረገው የፓርቲ ጉባኤ የፓርቲውን ዕጩ ይሰይማል። ሕገ መንግሥቱ ስለ እርሱ አንዲት ቃል የለውም፤ ቁጥሩን የሚወስነው ፓርቲው ነው፣ በየአራት ዓመቱም ይቀያይረዋል። በ2016 ሪፐብሊካኖች 2,472 ዴሌጌቶች ስለነበሯቸው ዕጩ ለመሆን 1,237 ያስፈልግ ነበር። በ2020 በዴሞክራቶቹ ዘንድ ዕጩ ለመሆን የሚያስፈልገው 1,991 ሆነ። ቡና የምንጠጣባት ቨርጂኒያ በኖቬምበር 13 ወኪል መራጮች አሏት፤ በ2020ው የዴሞክራቶች ጉባኤ ግን በቅድመ ምርጫ (መራጮች በየግዛቱ ከፓርቲው ተፎካካሪዎች መካከል በሚመርጡበት ምርጫ) የሚደለደሉ 99 ዴሌጌቶች ነበሯት። 13 እና 99ን አንድ ስም ሰጥቶ የሚያወራ ሰው ቀጥሎ የሚናገረውን እንዴት ልመነው?

ለዴሌጌት «ልዑክ» የሚል ጥሩ የራሳችን ቃል አለን። ልዑክ ማለት የተላከ ማለት ነው። ነገሩን በደንብ የሚያስረዳኝም ይኸው ነው፤ ሽማግሌ መላክ ምን እንደሆነ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለማ። ሽማግሌ ለራሱ አይጠይቅም። «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲል ልጁ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሮታል። ከላኪው የበለጠ ዕውቀትና ዕድሜ ሊኖረው ይችላል፤ ደጃፉ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን «እንዲያውም የጎረቤቴ ልጅ ይሻላል» ማለት አያምርበትም። የቅድመ ምርጫ መራጩ ላኪ፣ ተፎካካሪው ሙሽራ፣ ልዑኩ ሽማግሌ፣ የሚጠየቀው ዕጩነት ነው እንበል።

ሽማግሌው ሌላ ስም ቢጠራስ? ሁለቱ ፓርቲዎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በሪፐብሊካኖች ደንብ የታሰረ ልዑክ፣ ማለትም ለአንድ ተፎካካሪ ድምፅ እንዲሰጥ የተገደደ፣ በመጀመሪያው ዙር አፉን ከፍቶ ሌላ ስም ቢጠራ ጸሐፊው የሚመዘግበው የታሰረበትን ስም ነው። በዴሞክራቶች ዘንድ ልዑኩ የላኩትን ሰዎች ስሜት «በቅን ኅሊና» እንዲያንጸባርቅ ይጠበቃል። ከገመድ ይልቅ ለአደራ ይቀርባል።

ሙሽራው ራሱ «ተውኩት» ቢልስ? ጆ ባይደን ጁላይ 21 ቀን 2024 ከውድድሩ ሲወጡ ወደ 3,900 የሚጠጉ ልዑካን ነበሯቸው። ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ሳሉ ሠርገኛው ቀረ። በዚያን ሰሞን «ባይደን ድምፃቸውን ለካማላ ሀሪስ አስተላለፉ» የሚል ዜና በአማርኛ ስንት ጊዜ እንደተነበበ አልቆጠርኩም። ልዑክ አይወረስም። ባይደን ደገፏት እንጂ ልዑካኑን ሊሰጧት አይችሉም ነበር፤ እነዚያ ሰዎች በዚያች ቀን ነፃ ሆነዋል። ሌላ ሰው መቅረብ ቢፈልግ የ300 ልዑካን ፊርማ ይበቃው ነበር፤ ያሟላች ሀሪስ ብቻ ናት። በኦገስት መጀመሪያ በኢንተርኔት በተካሄደው የስም ጥሪ ድምፅ ከሰጡት 99 በመቶው እርሷን መረጡ። ያለ ቅድመ ምርጫ ውድድር ዕጩ ሆነች የሚል እውነቱን ነው፤ ቅሬታውም ይገባኛል። ያለ ደንብ ሆነች የሚለው ግን ደንቡን አላነበበም።

ሳይላክ የሚሄድም አጎት አለ። በዴሞክራቶች ዘንድ የምክር ቤት አባላት፣ የግዛት አስተዳዳሪዎች፣ የቀድሞ ፕሬዚዳንቶችና የፓርቲው ኮሚቴ ሰዎች ማንም ሳይመርጣቸው ልዑካን ናቸው፤ በተለምዶ ሱፐርዴሌጌት ይባላሉ። በ2016 በሂላሪ ክሊንተንና በበርኒ ሳንደርስ ፉክክር ሰሞን ብዙ ጭቅጭቅ ስላስነሱ በ2018 ደንቡ ተለወጠ፤ ውጤቱ አስቀድሞ ካልታወቀ በስተቀር በመጀመሪያው ዙር ድምፅ አይሰጡም። አጎት ይምጣ፣ ይብላ፣ ይጠጣ፤ ነገሩ ካልተቋጨ ግን በሁለተኛው ቀን ይናገራል።

በነገራችን ላይ ሁለተኛ ቀን፣ ማለትም ሁለተኛ ዙር፣ ድሮ ብርቅ አልነበረም። በ1924 ኒው ዮርክ ላይ የተሰበሰቡት ዴሞክራቶች ዕጩ ለማግኘት 103 ጊዜ ድምፅ ሰጥተዋል። 103 ጊዜ «ተመለሱና ኑ» የተባለ ሽማግሌ አስቡ። ያን ጊዜ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠየቅ ነበር፤ ያ ደንብ በ1936 ቀረ። ከአንድ ዙር በላይ የወሰደ ጉባኤ ከ1952 ወዲህ በሁለቱም ፓርቲዎች አልታየም። ስለዚህ በየአራት ዓመቱ «ጉባኤው ላይ ይፈነዳል» የሚሉ ሰዎችን በጥርጣሬ ስሟቸው።

ምሳሌዬ እስከዚህ ድረስ ተጎትቷል፤ ከዚህ በኋላ ይበጠሳል። ምክንያቱም አንድ ቤተሰብ ሽማግሌዎቹን ለሦስት ሙሽሮች አያካፍልም፤ ዴሞክራቶች ግን በየግዛቱ ልዑካንን የሚያካፍሉት በድምፅ መጠን ነው። ከ15 በመቶ በታች ያገኘ ምንም አይደርሰውም። ክፍፍሉ ደግሞ በግዛት ደረጃ ብቻ ሳይሆን በየምክር ቤት ምርጫ ክልሉም ነው። ሁለት ተፎካካሪዎችና 4 ልዑካን ያሉት ክልል እንውሰድ። አንዱ 60 ለ40 ቢያሸንፍ ስሌቱ 2.4 ለ1.6 ይሆናል፤ ሲጠጋጋ 2 ለ2። ሃያ ነጥብ በልጦ እኩል ወጣ። ሦስተኛውን ልዑክ ለማግኘት ከ62.5 በመቶ በላይ ያስፈልገዋል። አጠገቡ ባለው 5 ልዑካን ባሉት ክልል ግን 51 ለ49 ያሸነፈ ሰው 3 ለ2 ይወስዳል። ጎዶሎ ቁጥር ያለውን ክልል ለይቶ ገንዘቡንና ጊዜውን እዚያ የሚያፈስ ዘመቻ ብልህ ነው። በ2008 ኔቫዳ ላይ ሂላሪ ክሊንተን በድምፅ በልጣ ሳለ በዕለቱ ስሌት ባራክ ኦባማ 13 ለ12 በልዑካን የመራው በዚሁ መንገድ ነው። (በዕለቱ ስሌት ያልኩት በምክንያት ነው፤ ኮከስ በሚባለው የስብሰባ ምርጫ የመጨረሻው ቁጥር በግዛቱ ጉባኤ እስኪጸድቅ ይንቀሳቀሳል። ይህን ካላልኩ ባልደረቦቼ ይታዘቡኛል።)

ሪፐብሊካኖች ዘንድ ሌላ ዓለም ነው። በብዙ ግዛቶች አንደኛ የወጣው ሁሉንም ወይም አብዛኛውን ይጠቀልላል። በ2016 ዶናልድ ትራምፕ በደቡብ ካሮላይና ያገኙት ድምፅ ከአንድ ሦስተኛ ያንስ ነበር፤ 50ዎቹን ልዑካን ግን አንድ ሳይቀር ወሰዱ። እዚያው ውጤት በዴሞክራቶች ደንብ ቢቆጠር ኖሮ ለሌሎቹም ይደርሳቸው ነበር። ለዚህ ነው አንድ ደንብ ብዙ ተፎካካሪ ያለበትን ውድድር የሚያስረዝመው፣ ሌላው ደግሞ ቶሎ የሚቋጨው።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ «እገሌ በአገር አቀፍ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ይመራል፣ ስለዚህ ዕጩ እርሱ ነው» የሚለው ክርክር ምን ይባላል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሩዲ ጁሊያኒ በ2007 አብዛኛውን ጊዜ የሪፐብሊካኖችን አገር አቀፍ ጥናቶች ሲመሩ ከርመው፣ በጃንዋሪ 2008 መጨረሻ አንድ ግዛት እንኳ ሳያሸንፉ ወጡ። አገር አቀፍ የሚባል ቅድመ ምርጫ የለም፤ ልዑክ የሚገኘው በየግዛቱ፣ በየተራው ነው። ገንዘብም ብቻውን አይሠራም፤ ማይክል ብሉምበርግ በ2020 ከቢሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው ያሸነፉት በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችውን የአሜሪካን ሳሞአን ብቻ ነው። ጥናት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ማን ክርክር መድረክ ላይ እንደሚወጣና ማን ገንዘብ እንደሚሰበስብ ይወስናል። ልዑክ ግን አይወልድም።

ሁለተኛው የሚያናድደኝ «ፓርቲው ማንን እንደሚያቀርብ ውስጥ ውስጡን ወስኗል» የሚለው ነው። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. (ይህቺ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ናት) ቀጣዩ ጠቅላይ ሚኒስትራችን ማን እንደሚሆን የወሰነው የ180 አባላቱ የኢሕአዴግ ምክር ቤት ነበር፤ እኛም በር ላይ ቆመን ጠበቅን። ፓርቲ ማለት ለእኛ በሩ የተዘጋ አዳራሽ ነው። አሜሪካም አንድ ጊዜ እንዲያ ነበረች፦ ሁበርት ሀምፍሪ በ1968 በአንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ ቺካጎ ላይ ዕጩ ሆኑ፤ ውጭ ፖሊስና ተቃዋሚ ይደባደብ ነበር። ከዚያ በኋላ ደንቡን እንዲያሻሽል የተቋቋመውን ኮሚሽን መጀመሪያ የመሩት ጆርጅ ማክገቨርን፣ በ1972 በአዲሱ ደንብ ራሳቸው ዕጩ ሆነው በ49 ግዛቶች ተሸነፉ። የፓርቲ ሹማምንት ዛሬ ተጽዕኖ የላቸውም አልልም፤ ድጋፋቸው ከባድ ነው። ነገር ግን ተጽዕኖ ሌላ፣ ውሳኔ ሌላ።

ይህን ሁሉ በቶናው መሃል ለቤቱ ሰው አወራሁ። ከሁሉም በላይ የሚሟገቱት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የመጡ ጋሼ ነበሩ፤ ማን መቅረብ እንዳለበት፣ ማን ፈጽሞ መቅረብ እንደሌለበት በዝርዝር ያውቃሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ በየትኛው ፓርቲ ተመዝግበዋል?» አልኳቸው።

«እኔ? በየትኛውም። ነፃ ሰው ነኝ።»

የሜሪላንድ ቅድመ ምርጫ ዝግ መሆኑን፣ ያለ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው በዚያ ቀን የሚሰጠው በአብዛኛው የትምህርት ቦርድ ድምፅ ብቻ እንደሆነ፣ መመዝገቢያው ሳያልፍ መለወጥ እንደሚችሉ ነገርኳቸው። ስኒውን ይዘው ጥቂት ዝም አሉ።

«ታዲያ እስካሁን ስከራከር የነበረው ለትምህርት ቦርድ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አስተናጋጃችን የቨርጂኒያ ነዋሪ ናት። እዚያ መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም፤ ቅድመ ምርጫ በተደረገ ቀን ከሁለቱ የአንዱን ፓርቲ ወረቀት መጠየቅ ይበቃል። ማምሻውን ሙሉ ስለ ምርጫው አንድ ቃል ያልተነፈሰችው እርሷ ብቻ ነበረች። በረካውን እየቀዳች «እኔ እኮ ሁሌም እመርጣለሁ» አለች።